ሦስት ክር የእኔ፣ ሦስት ክር የሱ

ቁጡ ነኝ። ይህን ቀድሜ ልናገር፤ ካልተናገርኩ የሚያውቁኝ የቆቦ ሰዎች ይስቁብኛል። እልህ ከያዘኝ እህል አይወርድልኝም። የወረዳው የኪነት ቡድን ውስጥ ጊታር በምጫወትበት ዘመን እልሄ ሁሉ አንድ ነገር ላይ ነበር፤ ዘፈን የምጀምረው እኔ ነኝ፣ ጓደኛዬ ይከተላል። በዚህ ስንቴ እንደተኮራረፍን አላህ ይወቀው።

ጓደኛዬ ሁለተኛው ጊታር ተጫዋች ነበር። አባቱ ከማይጨው ወርደው ቆቦ ላይ እህል ይነግዳሉ፣ እናቱ ማሽላ ተራ ይቀመጣሉ፣ ቤታቸው ከእኛ ቤት ጀርባ ነው። በዓል ሲመጣ ሥጋችን ይለያይ እንጂ እኛ አንለያይም ነበር። እሱ ዝምተኛ ነው። ሲናደድ ብቻ ትግርኛ ይቀላቅላል፤ ትግርኛው ከመጣ እኔም አፌን እዘጋለሁ።

ጊታር አብሮ መጫወትን ያስተማረን ደግሞ ማንም ሳይሆን አንድ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ያኔ የአስመራ መንገድ መኪኖች ቆቦ ላይ ይቆማሉ፤ ሾፌሮቹ ምሳ ይበላሉ፣ ጎማ ያያሉ። ይሄ ሰውዬ የፈረንጅ ሮክ ካሴት ነበረው። እሱ ምሳውን እስኪበላ እኛን ጋቢና ውስጥ ያስቀምጠንና ቴፑን ይከፍትልናል። ሙቀቱ ያፍናል፣ የወንበሩ ላስቲክ ቂጣችን ላይ ይጣበቃል፣ እኛ ግን ንቅንቅ የለም። ካሴቱ ላይ ባለው ባንድ ውስጥ ሁለት ጊታር አለ። አንዱ ይናገራል። ሌላው ዝም አይልም፣ ግን ከአፉ አይነጥቀውም። አንዱ ትንፋሽ ሲወስድ ሌላው በዚያች ቀዳዳ ይገባል፣ ተራው ሲደርስ ደግሞ ሳይለምኑት ይወጣል። ከዘፈኑ አንድ ቃል እንኳ አልገባንም፤ የሁለቱን ጊታር ወሬ ግን እንደ ጎረቤት ወሬ ለየነው።

እንግዲህ በዚያ በኢምፔሪያሊስት ሙዚቃ ተኮትኩተን ነው ስለ ማሽላ ምርትና ስለ እርከን ሥራ የምንዘፍነው። ጓድ ቢሰማ ጉዳችን ፈልቶ ነበር።

ጓድ የምንለው የወረዳው የኪነት ኃላፊ ነው። ስለሱ እመለስበታለሁ፤ መጀመሪያ የክሩን ነገር ልጨርስ።

ኪነቱ ሁለት አሮጌ ቦክስ ጊታር ነበረው። ክር ግን የለም። አንዱ ሲበጠስ ሌላው ሲበጠስ፣ ደሴ ብናስጠይቅ የለም፣ አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው ብናዝዝ ባዶ እጁን ይመለሳል። የብስክሌት ፍሬን ሽቦ ፈትለን ሞከርን። ድመት ጅራቷን ሲረግጧት ነው የሚመስለው። በመጨረሻ የሁለቱን ጊታር ደህና ክር ብንሰበስብ ለአንድ ጊታር የሚበቃ ስድስት ብቻ ተገኘ። እኔ በቃ አንዱ ይቁም፣ በተራ እንጫወት አልኩ። በተራ ስል መጀመሪያው የኔ መሆኑ ነው መቼም። እሱ ቀጫጭኖቹን ሦስት ክሮች ከኔ ጊታር ላይ አሰረ፣ ወፋፍራሞቹን ሦስት ከራሱ ላይ። ከዚያ ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ።

ምን ልበላችሁ! አንዱን ዜማ ሁለት ቦታ ቆራርጠን ተካፈልነው። ላይ ላዩን እኔ አወጣለሁ፣ ዜማው ወደ ታች ሲወርድ ለሱ ለቅቄ እጄን አነሳለሁ፣ እሱ ይዞ ይወርድና መልሶ ያቀብለኛል። ባቲውንም አምባሰሉንም እንዲህ አደረግነው። የራያን ጭብጨባ ስናስገባበት ደግሞ ቆቦ ገበያ ላይ የቆመ ገበሬ ዱላውን ትከሻው ላይ እንዳጋደመ እግሩ መሬት መምታት ይጀምራል። የኪነታችን ዘፋኝ የምትገባበት ቦታ እንኳ የሱ ነበር። እሱ ሦስተኛዋን ወፍራም ክር ሲመታ ያን ጊዜ አፏን ትከፍታለች። በልምድ እንዲያ ሆነ፣ ማንም ያወጀው የለም።

እኔ ታዲያ መጀመሪያውን አሁንም አልለቀቅኩም። እሱ አንዳንዴ በወፍራሙ ብንጀምረው ይሻላል ይለኛል። እኔ እምቢ።

ይህ ሁሉ ከድርቁ በኋላ ነው። ያን ሰሞን የብሔራዊ ውትድርና ምልመላ መጣና ቀበሌው ልጅ መልቀም ጀመረ። የጓደኛዬን ታላቅ ወንድም ወሰዱት። ሰሜን ገባ ተባለ፤ ከዚያ ወዲያ ድምፁ ጠፋ። ኪነት ውስጥ ያለ ልጅ ግን አይነካም ነበር፣ ለመድረክ ይፈለጋላ። ስለዚህ ጓደኛዬን ቤቱ ያስቀመጡት እነዚያ ሦስት ወፋፍራም ክሮች ናቸው ብል ማጋነን አይደለም።

ከዚያ የክፍለ ሀገሩ የኪነት ውድድር ደሴ ላይ ሊደረግ ነው ተባለ። ጓድ ሰበሰበንና መኪናው ላይ ቦታ ጠባብ ነው አለ። ፎካሪ ያስፈልገናል፣ ሁለት ጊታር ግን ቅንጦት ነው፣ ስድስቱንም ክር አንዱ ላይ አድርጋችሁ አንድ ሰው ይጫወት አለ። ማን እንደሚቀርም ተናገረ። ጓደኛዬ ከኪነቱ ተሰናብቷል፣ ስሙ ለቀበሌው ይመለሳል። ጓድ ክፉ ሰው አልነበረም ልበል? አልልም። ይህን ሲናገር የሰዓቱን ማሰሪያ እያስተካከለ ነበር።

ደሜ ፈላ። ተነስቼ ልናገር ስል ጓደኛዬ እጄን ይዞ አስቀመጠኝ።

በማግስቱ እናቱን ማሽላ ተራ አገኘኋቸው። ልሸሻቸው ነበር፣ እውነቴን ነው። እሳቸው ግን ጠሩኝ። አላለቀሱም። መስፈሪያውን ከማሽላው ላይ አንስተው ጭናቸው ላይ አስቀመጡና፣

«ልጄ፣ ትልቁን ወስደውብኛል። ይሄ ከሄደ ቤቴ ተዘጋ። አንተ እንግዲህ ታውቃለህ» አሉኝ።

አንተ ታውቃለህ! ምኑን ነው የማውቀው? ካድሬ አይደለሁ፣ ሊቀመንበር አይደለሁ። በእጄ ያለው አንድ ጊታር ነው። ወደ ቤት ሄድኩ።

ከሰዓት በኋላ ጓደኛዬ መጣ። ሦስቱን ክሮች ከጊታሩ ፈትቶ፣ ጠቅልሎ፣ በጋዜጣ ቁራጭ ይዟቸው ነበር። አጠገቤ ቁጭ ብሎ አንድ በአንድ እኔ ጊታር ላይ ያስራቸው ጀመር። በራሱ እጅ! ቆሽቴ አረረ። ማን አዘዘህ፣ ምን አስቸኮለህ እያልኩ ጮህኩበት። እሱ የመጨረሻዋን ክር አስሮ፣ ጠምዝዞ፣ ጆሮውን አስጠግቶ ቃኛት። እንዲያው አንተ እንኳ ትረፍ አለኝና ወጣ። በትግርኛ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ጊታሩን አነሳሁ። ሞከርኩት። ሙሉውን ዘፈን መጫወት እችል ነበር፤ እዚህ ላይ አልዋሽም። የሱን ቦታ ከራሱ እኩል አውቀዋለሁ። ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ? ጣቶቼ በራሳቸው ወደ ወፋፍራሞቹ ወረዱ፤ ያምራል፣ ምንም አልጎደለም። ጓድ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። እኔ ይህን ከተጫወትኩ እሱን የምሸኘው እኔው ነኝ። ጊታሩን አስቀመጥኩና ወሰንኩ። እነዚያን ሦስት ክሮች አልነካም። ወላሂ አልነካም። ለማንም አልነገርኩም፤ ለሱም፣ ለዘፋኟም። ብነግራቸው ይለምኑኛል፣ ከለመኑኝ ደግሞ እፈራለሁ።

ደሴ ከመሄዳችን በፊት፣ የሙከራው ቀን፣ የቀበሌው አዳራሽ ሰው ሞላው። ጓድ ከፊት ተቀመጠ፤ ከአውራጃ የመጣ እንግዳም አጠገቡ ነበር፣ ጓድ ራሱ ዘንድሮ ቆቦን የሚያክል ኪነት የለም ብሎ የነገረው። ጓደኛዬ ከኋላ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። እናቱ በር ላይ ነበሩ።

ጀመርኩ። ቀጫጭኖቹን ክሮች መታሁ፤ ጥሩ ሄደ፣ ጭብጨባው ገባ። ዜማው ወደ ታች ሲወርድ እንደ ሁልጊዜው እጄን አነሳሁ። ዝም። ከበሮው ብቻውን ሁለት ሦስት ምት መታና ግራ ገባው። የኔ ቦታ ሲደርስ እንደገና ገባሁ። ዘፋኟ አፏን ልትከፍት ደረቷን ነፋች፣ መግቢያዋን ጠበቀች፣ መግቢያዋ አልመጣም። አየችኝ። ከበሮው ቆመ።

ጓድ ምን ሆንክ አለ። ከመጀመሪያው ጀመርኩ። እዚያው ቦታ ስደርስ እጄን አነሳሁ። ዘፋኟ እንደገና ደረቷን ነፍታ ቀረች። ከኋላ የሆነ ሰው ሳቀ። ጓድ ብድግ አለ።

«ስድስት ክር አለህ አይደለም እንዴ?»

«አለኝ ጓድ። ሦስቱ ግን የሱ ናቸው» አልኩና ወደ ግድግዳው አመለከትኩ።

ጓድ ወደ መድረኩ ተጠግቶ፣ እንግዳው እንዳይሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ከዚህ ቀጥታ ሁለታችሁንም የጦር ማሰልጠኛ ነው የምልካችሁ አለኝ። ያደርገዋልም። ደፋር ነበርኩ አልልም፤ አፌ እንደ ማሽላ ገለባ ደርቆ ነበር። ጓደኛዬ ከኋላ ጭንቅላቱን ግራ ቀኝ ይነቀንቃል፣ ተው፣ ተጫወተው እያለኝ ነው። እናቱን አላየኋቸውም፤ ማየት አልቻልኩም። ጥርሴን ነክሼ ለሦስተኛ ጊዜ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። እጄ ቦታውን አልሳተም። የኔን ተጫወትኩ፤ የሱ ጋ ስደርስ እጄን አንስቼ፣ የሱ ርዝመት እስኪያልቅ አየር ላይ ይዤው ቆየሁ።

ያን ጊዜ የአውራጃው እንግዳ ወደ ጓድ ዞሮ፣ እዚህች ጋ የሚገባ ሌላ ጊታር አልነበራችሁም ወይ ብሎ ጠየቀ። የሰውየውን ፊት እስካሁን አልረሳም። ተንኮል አልነበረበትም፣ የጎደለውን ሰምቶ ነው እንጂ።

ጓድ ደሴ ላይ ሊያሳየው የተዘጋጀውን ኪነት አሰበ መሰለኝ፣ እኔንም በዓይኑ ሊበላኝ ደረሰ። ከዚያ ራሱን ሳያዞር በእጁ ወደ ኋላ ጠቀሰ።

«ና ውጣ» አለው። «ሁለታችሁም ትሄዳላችሁ። ፎካሪው ይቀራል።»

ጓደኛዬ ክር የሌለውን ጊታሩን ከአዳራሹ ጥግ አንስቶ መጣ። ከፊቴ ተንበረከከ። አዳራሹ ሙሉ ሰው እየጠበቀ ሦስቱን ወፋፍራም ክሮች ከኔ ጊታር ፈታ፣ ከራሱ ላይ አሰረ፣ ጠመዘዘ፣ ቃኘ። አልቸኮለም፤ ሲቃኝ ቸኩሎ አያውቅም። እኔ ከበላዩ ቆሜ ጣቶቹን አያለሁ። እንባዬ መጣ፣ ጣሪያውን እያየሁ መለስኩት።

ሲጨርስ ከጎኔ ቆመና እንደ ወትሮው መጀመሪያዬን ጠበቀ። እኔም ጊታሩን ያዝኩ፣ እጄን ግን አነሳሁ።

«አንተ ጀምር» አልኩት።

ያላመነኝ ይመስል አየኝ። ከዚያ በወፍራሙ ክር ጀመረው፣ ስንት ጊዜ እንደለመነኝ አድርጎ። ልክ ነበር፤ ያ ዘፈን ከታች ሲጀመር ነው የሚያምረው። ተራዬ እስኪደርስ ጠበቅኩና ገባሁ።