ፀጉር አስተካካዩ የደበቀው ሳል

በሠፈሩ «ሬዲዮ» ካላሉ በቀር ማንን እንደሚጠሩ የሚገባው ሰው አልነበረም። ፀጉር አስተካካይ ነው። ሱቁ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ በፎቶ ቤትና በጫማ መሸጫ መካከል የተሰነቀረች፣ ሁለት ወንበርና አንድ ሰፊ መስታወት ያላት ጠባብ ክፍል ናት። ደንበኛው ከተቀመጠበት ቅጽበት አንስቶ አንገቱ በብሩሽ እስኪጠረግ ድረስ የሬዲዮ አፍ አይዘጋም። ስለ ኳስ፣ ስለ ኑሮ ውድነት፣ ተቆፍሮ ስለተረሳው ቦይ፣ የማን ልጅ ማንን ሊያገባ እንዳሰበ፣ ሁሉም እሱ ጋ አለ። ሱቁ ውስጥ ከሚሰበሰቡት መካከል ወሬ ፍለጋ ብቻ የሚመጡም ነበሩ፤ አንዳንዶቹማ ራሰ በራ ናቸው።

ይሄ ሁሉ ወሬ ያለው ሰው ስለ አንድ ነገር ግን ትንፍሽ ብሎ አያውቅም፤ ስለ ልጁ ሕመም።

ልጁ አንዲት ናት። ገና ጨቅላ ሳለች እናቷ ግንባሯን ስትስማት ከንፈሯን ጨው ጨው ይላት ነበር። «ይቺ ልጅ ባሕር ውስጥ ነው እንዴ የምታድረው?» ትላለች እየሳቀች። ሳቁ የቆመው ሐኪም ቤት ነው። ላቧ ተመረመረ፣ ደሟ ተመረመረ፣ ሲስቲክ ፋይብሮሲስ የሚባል በሽታ ተገኘ። ሐኪሟ ረጋ ብላ አስረዳቻቸው። ሳንባዋ ውስጥ ያለው አክታ እንደ ሙጫ ይወፍራል፤ በየቀኑ ካልተራገፈ ተጠራቅሞ ያመረቅዛል። የበላችው ምግብም ሰውነቷ ላይ እንዲውል ከማዕዱ ጋር እንክብል መዋጥ አለባት።

«ከማናችን ነው የመጣባት?» አለ ሬዲዮ።

«ከሁለታችሁም። ይሄ በሽታ ከእናትም ከአባትም ካልተወረሰ አይመጣም፤» አለች ሐኪሟ።

ደረጃውን ሲወርዱ ሚስቱ ክንዱን ያዘችና «እንኳን ደስ ያለህ፤ ከተጋባን ጀምሮ እኩል ያዋጣነው ነገር ይሄ ብቻ ነው፤» አለችው። ሁለቱም ሳቁ። መንገድ ላይ ሲደርሱ ሳቁ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠባቸውና ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እሱ ልጁን «ጨዌ» ይላታል።

ሚስቱ ዳቦ ፋብሪካ ውስጥ የምትሠራ፣ ጎህ ሳይቀድ የምትወጣ ሴት ናት። ስለዚህ አክታውን የማራገፉ ሥራ በአብዛኛው በእሱ ላይ ወደቀ። ጠዋት ሱቅ ሳይከፍት፣ ማታ ሱቅ ዘግቶ፣ ልጅቱን ትራስ ላይ በጎኗ ያስተኛታል፤ እጁን ውሃ እንደሚጨልፍ ሰው ጎድጎድ አድርጎ ጀርባዋንና ጎኗን ይመታል። ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ። አያምም። ድምፁ ግን አለ። ከዚያ ጨዌ ትስላለች፤ ትንፋሽ እስኪያጥራት ትስላለች።

ሆስፒታሉ ከሐኪሟ ሌላ ቤተሰቡን የምታይ አማካሪ ነበረችው። በየቀጠሮው ወላጆች ክፍሏ ገብተው ይቀመጣሉ።

«እርስዎስ እንዴት ነዎት?» ትለዋለች።

«እኔማ ምን እሆናለሁ!» ይልና ስለ ትራፊኩ፣ ስለ ዳኛው ስህተት፣ ፀጉሯን የቆረጠላት ሰው ስላበላሸው ጎን ሲያወራ ሰዓቱ ያልቃል። አንድ ጊዜ ጣልቃ ገብታ፣

«ከጎረቤት የሚያግዛችሁ ሰው አለ?» አለችው።

«ሞልቷል!»

«ከእነሱ ውስጥ የልጅዎን ሕመም የሚያውቀው ማን ነው?»

«ማንም፤» አለ ሬዲዮ፣ ኩራት በሚመስል ድምፅ።

ምክንያት ነበረው። ደንበኞቹ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው የሰውን ልጅ እንዴት እንደሚያሙ ከማንም በላይ ያውቃል፤ እዚያ ወንበር ላይ ስሟ የተነሳ ልጅ ተመልሳ ደህና አትሆንም። «ለጨዌ ስል ነው፤» ይላል። ለራሱም ሲል እንደሆነ ሚስቱ ታውቃለች፤ ግን ጠዋት ፋብሪካ የምትገባ ሴት ማታ ለመከራከር ጉልበት አይተርፋትም።

ከግድግዳው ወዲያ አንዲት ጡረተኛ መምህርት ይኖራሉ። ዕድሜያቸውን ያስተማሩት ሒሳብ ነበርና የሰሙትንና ያዩትን ደመሩ። ጠዋትና ማታ የመምታት ድምፅ፤ ቀጥሎ ለቅሶ የሚመስል፣ ትንፋሽ የሚያሳጣ ድምፅ፤ በነጋታው ደረጃ ላይ የምትታይ ቀጫጫ ልጅ። ድምሩ ግልጽ ነበር፤ ይሄ ሰው ልጁን ይደበድባል። ምናልባትም ያስርባታል። መምህርቷ ድምሩን ለነዋሪዎች ኮሚቴ ሊቀ መንበር ነገሩ። ሊቀ መንበሩ ምስጢር ጠባቂ ስለሆነ የነገረው ለሚያምናቸው ሰዎች ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ሰው ያምናል።

ሱቁ ቀዘቀዘ። ሬዲዮ መጀመሪያ አልገባውም። አንድ ደንበኛ ምላጩ አንገቱ ላይ እንዳለ «አንተ፣ ልጅ በዱላ ያድጋል ትላለህ?» ቢለው፣ የጨዋታ ርዕስ የተሰጠው መስሎት በስፋት ሄደበት። ሰውየው ጢሙ በግማሽ እንደተላጨ ተነስቶ ወጣ። በመጨረሻ የፎቶ ቤቱ ባለቤት አንጀቱ አልችል አለና ነገሩን በግልጽ ነገረው።

«ልጁን ይቀጠቅጣል እያሉህ ነው። እኔ አላመንኩም። ግን ምን ልበላቸው?»

እዚህ ጋ አንድ ዓረፍተ ነገር በቂ ነበር። «ልጄ ታማ ነው፤» ቢል ነገሩ ያልቅለታል። ሬዲዮ መቀሱን አስቀመጠ፣ መስታወቱን ወለወለ፣ ከዚያ «የቤቴን ጉዳይ ለእኔ ተውልኝ፤» አለ። የታመመች ልጅ አባት ከመባል፣ ደብዳቢ መባል ቀለለው።

ማታ ለሚስቱ ሲነግራት እጇ ላይ ያለው ሳህን ሊወድቅ ነበር።

«አብደሃል? ለምን አልነገርከውም?»

«ነግሬው፣ ልጄን ባዩ ቁጥር ከንፈር እንዲመጥጡላት ነው?»

«አሁን ታዲያ ከንፈር የሚመጥጡት ለማን መሰለህ?»

በዚያው ሳምንት አንድ ቀን አመሻሽ ላይ በሩ ተንኳኳ። ሬዲዮ ጨዌን አስተኝቶ ሥራ ላይ ነበር። የሊቀ መንበሩ ማለክለክ ከበሩ ወዲህ ድረስ ይሰማል፤ ወፍራም ሰው ነው፣ ደረጃ ይጠላል። ሬዲዮ በዓይኑም በአንገቱም «እንዳትከፍቺ» አለ። ሚስቱ አየችው። ከዚያ ሄደች፣ በሩን እስከ ግድግዳው ድረስ ወለል አድርጋ ከፈተችው።

መምህርቷና ሊቀ መንበሩ ያዩት ይሄንን ነው፤ ልጅቱ ተኝታለች፣ አባት እጁን አንስቷል።

«እጅ ከፍንጅ!» አለ ሊቀ መንበሩ።

«ጫማችሁን ጠርጋችሁ ግቡ፤ በግራ በኩል ገና አልጨረስንም፤» አለች ጨዌ ከትራሱ ላይ። ያኔ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው።

መምህርቷ አጠገቧ ቁጭ አሉ። «ልጄ፣ አትፍሪ። ንገሪኝ፣ ይመታሻል?»

«አዎ። ሲደክመው እማዬ ትመታኛለች። ያዘዘችው ዶክተሯ ናት።» ይሄን ብላ ሳሏ መጣባትና ተነስታ ተቀመጠች፤ ስላ ስላ ኩባያ ውስጥ ተፋች፤ ኩባያውንም ለእንግዶቹ አሳየች። «ይኸው፣ ይሄ ነው የሚወጣው። ዛሬስ ጥሩ ነው።»

ሊቀ መንበሩ አየር ለመቀበል ወደ ደረጃው ተመለሰ። ጨዌ ግን ቀጠለች። ስለ ሙጫው፣ ስለ እንክብሉ፣ እንደ ቀን ሠራተኛ በልታ ለምን እንደማትወፍር፣ ሁሉንም ባንድ ትንፋሽ ዘረገፈችው፤ ባንድ ትንፋሽ መናገር ለእሷ ቀላል ነገር እንዳልሆነ የሚያውቁት ወላጆቿ ብቻ ናቸው። አባቷ ግድግዳውን ያያል።

«ይተላለፋል?» አሉ መምህርቷ ቀስ ብለው።

«አይተላለፍም። እንዲያውም ጉንፋን የምታስይዙኝ እናንተ ናችሁ። እትዬ፣ ሲያስነጥስዎት ዞር ይበሉልኝ።»

መምህርቷ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አስተካከሉ። ይቅርታ መጠየቅ የለመዱ ሰው አይደሉም። ወደ ሬዲዮ ዞሩና «ምትህ እኩል አይደለም፤ ወደ መጨረሻው ትቸኩላለህ። በግድግዳ ስሰማው ነው የከረምኩት። ነገ እመጣለሁ፣ አሳየኝ፤ እኔም ልልመደው፤» አሉት። የእሳቸው ይቅርታ ይሄ ነበር።

በማግስቱ ሠፈሩ በሙሉ ሰማ። ሬዲዮ የፈራውም አንድ ሳይቀር ደረሰ። ሱቁ እንደገና ሞላ፤ የሚሞላው ግን በመካሪ ነው። አንዱ የአክስቱ ልጅ ዋና ተምሮ እንደዳነ ይናገራል፤ ሌላው ፍራሽ ለውጡ ይላል፤ ሌላው የተቆረጠ ፀጉር ነው የጎዳት ብሎ ሥራውን እንዲተው ይመክረዋል፣ ያውም ፀጉሩን እያስቆረጠ። ከንፈሩን ያልመጠጠ አልነበረም። ባለ ሱቁ በገዛ ሱቁ ተናግሮ መጨረስ አቃተው።

በቀጠሮው ቀን አማካሪዋ ክፍል እንደ ነገር ፈላጊ ገባ።

«ለሰው ይንገሩ፣ ይቀልልዎታል ነበር ያሉኝ። ይኸው ታወቀ!» የነገረው እሱ እንዳልሆነ አላነሳም።

«ታዲያ ቀለለዎት?»

ሊመልስ አፉን ከፈተ። ኳስም፣ ትራፊክም፣ ዳኛም አልመጣለት። እንባው ግን መጣ። ስንት ዓመት ሙሉ ዝም እንዲል ስትጠብቀው የኖረችው አማካሪ መሀረብ አቀረበችለት። ሲወጣ የክፍሏ በር እንደሚንቋቋ ነግሯት፣ ዘይት ቢቀባ ጥሩ መሆኑን አስረድቷት ሄደ።

ከዚያ በኋላ ወደ ሆስፒታሉ የወላጆች ስብሰባም መሄድ ጀመረ። ስብሰባው «ብቻችሁን አይደላችሁም» የሚባልበት ነው፤ ልጆቹ ግን አይመጡም፤ ይሄ በሽታ ያለባቸው ልጆች ጀርም እንዳይለዋወጡ አንድ ክፍል ውስጥ አይቀመጡም። እዚያ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር አገኘ፤ ለዘመዶቹ ሁሉ «ልጄ አስም አለበት» ብሎ የነገረ። ሬዲዮ በጣም ተቆጣው። «እንዴት ሰው ከዘመዱ ይደብቃል?» አለው። ሚስቱ አጠገቡ ተቀምጣ ጣሪያውን ታያለች።

በሽታው ግን ወሬ ሰምቶ አይተውም። አንድ ክረምት ጨዌ ጉንፋን ይዟት ሳንባዋ ተበላሸና ሆስፒታል ረጅም ጊዜ ተኛች። መምህርቷ ቀን ቀን እየሄዱ፣ አልጋዋ ጎን ሒሳብ አሠሯት። ከሆስፒታሉ ስትወጣ ከስታ ነበር፤ ክፍልፋይ ግን ተክናበታለች። ሐኪሟ ሳንባዋ እንደ በፊቱ እንደማይመለስ ነገረቻቸው፤ ያንን ማታ ቤት ውስጥ ማንም ብዙ አልበላም፣ ከጨዌ በቀር።

አሥራ አራት ሲሞላት የሚነፋ መሣሪያ ተሰጣት። እየነፋች አክታዋን ራሷ ታራግፋለች። በመጀመሪያው ጠዋት አባቷ እንደ ልማዱ እጅጌውን ሰብስቦ ሲመጣ በሩ ላይ ተቀበለችው።

«አባዬ፣ አመሰግናለሁ። ከአሁን በኋላ ለራሴ ተውልኝ።»

ሬዲዮ አኮረፈ። መምህርቷም አኮረፉ። ሁለቱ ከሥራ እንደተባረሩ ሠራተኞች ደረጃው ላይ ቆመው መሣሪያውን ሲያሙ ታዩ።

ሚስቱ የእሱ ኩርፊያ ሲሰለቻት በእረፍት ቀኗ ካፌ ወሰደችው። ሁለቱ ብቻቸውን ከወጡ ስንት ዓመት እንደሆናቸው አላስታወሱም። ሻይና ኬክ አዘዙ። እሷ ስለ ልጅቱ አክታ ቀለም ጠየቀችው፣ እሱም በዝርዝር መለሰላት፤ በአጠገባቸው የነበረች ወጣት ሳህኗን ገፋ አድርጋ ተነሳች። ሁለቱም አዩና በሳቅ ፈነዱ። ሳቁ ሲያልቅ ሌላ ወሬ ፈለጉ፤ አላገኙም። እሱ መንገዱን እያየ ስለሚያልፈው ሰው አንድ ሁለት ነገር አለ። መልስ ሲያጣ ዞረ። ሚስቱ ጉንጯን እጇ ላይ አስደግፋ እንቅልፍ ወስዷት ነበር። አስተናጋጁ ሲመጣ ሬዲዮ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ሻይዋ ሲቀዘቅዝ ጠጣላትና ትኩስ አዘዘላት።