ለስልክ ሽማግሌ ላክን
ከደሴ የወጣሁ ሌሊት ጉሙ መናኸሪያውን ሸፍኖት አውቶቡሴን ያገኘሁት በዳበሳ ነው ማለት ይቻላል። መቀሌ ስደርስ ግን ፀሐዩ ተቀበለኝ፤ እዚህ ጉም ብርቅ ነው፣ ዘመዶቼ። ሰዉ እንደኛው ነው፣ "ብላ" ካለ ሳትቀምስ አይለቅህም። ጥሕሎ የሚሉት የገብስ ምግብ አላቸው፤ በእንጨት ወግተው ወጥ እየነከሩ ይጎርሱታል። የእናቴን ጭኮ ባያስረሳም ያጠግባል።

ሥራዬ በብስክሌት ምግብ ማድረስ ነው፣ አለቃዬ ደግሞ ስልክ። ትእዛዝ ይልካል፣ ደቂቃ ይቆጥራል፣ ከዘገየሁ ነጥቤን ይቀንሳል፣ ነጥቤ ካነሰ ሥራ ይከለክለኛል። ታዲያ "ግባና ብላ" የሚለኝ ደንበኛ ሁሉ ደቂቃዬን ይበላዋል። የተበላችዋን ደቂቃ ለማካካስ ቁልቁለት ላይ ፍሬን መያዝ ትቼ ነበር። አንድ ቀን ሰሜን ክፍለ ከተማ፣ ኮብልስቶኑ ላይ፣ ከነምሳው ተንከባለልኩ። ጉልበቴ ተላጠ። ስልኩ "ዘግይተዋል" አለኝ፣ ያውም በአንቱታ። ከዚያ ሥራውን ዘጋብኝ።

እኛ ወሎዬዎች ስንጣላ ሽማግሌ እንልካለን። ይህን ለአከራዬ ለአደይ ለታይ ብነግራቸው ነጠላቸውን አጣፉና ሓወልቲ ሰፈር ወዳለው የአሠሪዬ ድርጅት ቢሮ ይዘውኝ ሄዱ።

"ጓለይ፣ የኔ ልጅ፣ ይህን ልጅ ከአለቃው ልናስታርቅ ነው። ጥሪልን" አሏት ጸሐፊዋን።

ልጅቷ ግራ ገባት። "አደይ፣ አለቃ እኮ የለም። የሚወስነው ስልኩ ነው።"

"መውደቁን አላየም?"

"መዘግየቱን ነው የሚያየው።"

አደይ ለታይ ትንሽ አሰቡና "ከእንዲህ ዓይነቱ ጋር ሽምግልና አይቀመጡም" አሉ።

ልጅቷ ሳቋን ዋጥ አድርጋ መልሳ ከፈተችልኝ። በዚህ ሳምንት አንድ ትእዛዝ እንኳ ካዘገየሁ ግን ለዘለቄታው እንደሚዘጋ አስጠነቀቀችኝ። አደይ ለታይ ደግሞ እዚያው ደጃፉ ላይ እጄን ይዘው ቁልቁለት ላይ እንዳልፈጥን አስማሉኝ። ወላሂ አልኩ። ሁለቱን እንዴት አብሬ እንደምጠብቅ ግን አላውቅም፣ እውነቱን ለመናገር ፈርቻለሁ።

በማግስቱ ያው ቁልቁለት አናት ላይ ሳለሁ እናቴ ደወለች። መውደቄን አልነገርኳትም። ድምፅዋን ስሰማ ደሴ እንዴት እንደናፈቀችኝ። ወሬያችን መሃል ስልኩ ጮኸ፣ የምሳ ትእዛዝ ነው።

"ምንድን ነው እሱ?" አለች።

"ምግብ የሚጠብቀኝ ሰው አለ፣ እማ።"

"ታዲያ የተራበ ሰው ታስጠብቃለህ? አብሽር ልጄ፣ በል ፍጠን" አለችኝ።