ተከባብሮ የተቀመጠው ሰላጣ

ባለፈው ማክሰኞ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ስልኬ ጠራ። የደወሉት ጋሽ ታደሰ ነበሩ። ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድሙ «እህቴ አረፈች» አሉኝ። እትዬ የሺ በተኙበት ማለፋቸውን፣ ፊታቸው ላይም የጭንቅ ምልክት እንዳልነበረ ነገሩኝ።

ወይዘሮ የሺመቤትን ለምታውቁ ሁሉ፣ በዴንቨሩ ሞንትቤሎ ሰፈር ለጎረቤቶቻቸው፣ በአየር ማረፊያው አብራችኋቸው ለሠራችሁ፣ በቤተ ክርስቲያንም ከጎናቸው ለቆማችሁ፣ ይህን የምጽፈው በቀብራቸው ዕለት «ተናገሪ» ተብዬ ስላልቻልኩ ነው። ሰው ፊት ስቆም ቃል ይጠፋብኛል። ይህን ከእሳቸው የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም።

የተዋወቅነው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ፣ በሰመር ዕረፍት፣ በዴንቨር ኢንተርናሽናል አየር ማረፊያ ውስጥ ባለ አንድ የፈረንሳይ ምግብ ቤት በተቀጠርኩ ጊዜ ነው። እሳቸው የቀዝቃዛ ምግብ ክፍሉ ኃላፊ ነበሩ። በዚያ ወጥ ቤት ቢላዋ ወይም ትኩስ ድስት ይዞ ከሰው ጀርባ የሚያልፍ ሁሉ «ቢሃይንድ!» ብሎ መጮህ አለበት፤ «ከኋላህ ነኝ፣ እንዳትዞር» ማለት ነው። እኔ ግን መጮህ አቃተኝ። በሦስተኛው ቀን ድንች የተቀቀለበትን ውኃ ይዤ በዝምታ ሳልፍ እትዬ የሺ ዞሩ፤ ውኃውም ክንዳቸው ላይ ፈሰሰ። የማደርገው ጠፍቶኝ አለቀስኩ። እሳቸው ክንዳቸውን ቧንቧ ሥር ይዘው «አንቺ ልጅ፣ እዚህ ቤት ዝምታ ያቃጥላል» አሉኝ።

በማግስቱ ሥራ ከመጀመራችን በፊት ሰው ወደሚገባበት ትልቁ ፍሪጅ ወሰዱኝ። «ግቢና ሰላጣው ላይ ጩሂበት፤ እሱ ለማንም አይናገርም» ብለው በሩን ዘጉት። በቅጠል ካርቶኖች መካከል ቆሜ «ቢሃይንድ» አልኩ። ከውጭ «አልሰማሁም» አሉ። ደገምኩት። «አሁንም የትንኝ ድምፅ ነው የመጣው» አሉ። ሁለት ሳምንት ሙሉ በየጠዋቱ እንዲህ አስጮሁኝ። ድምፄ የወጣ ዕለት በሩን ከፍተው «ቅጠሉን አስደነገጥሽው» ብለው ሳቁ።

ምግብ ቤቱ የታወቀበት ምግብ የቱና ሰላጣ ነበር። እኛ ሰላጣ ስንል ቲማቲሙን፣ ሽንኩርቱንና ቃሪያውን ከትፈን በሎሚ አሽተን የምናቀርበው ነው። ይህኛው አይታሽም። ድንቹ፣ ፎሶሊያው፣ ቲማቲሙ፣ ቅቅሉ እንቁላል፣ ቱናውና ጥቁሩ የወይራ ፍሬ በአንድ ሰፊ ሳሕን ላይ እያንዳንዱ ለየራሱ ይደረደራል። እትዬ የሺ ሲሠሩት ማየት ራሱ ትምህርት ነበር። ፎሶሊያው ከፈላው ውኃ እንደ ወጣ በረዶ ውስጥ ይገባል፤ አረንጓዴነቱ እንዳይሸሽ። ቱናው ዘይቱ ይንጠፈጠፍና በጣት በትልልቁ ይለያያል እንጂ አይፈረፈርም። ድንቹ ደግሞ ገና ትኩስ ሳለ ተቆርጦ የዘይቱን፣ የአቼቶውንና የሰናፍጩን ማጣፈጫ መጠጣት አለበት። «ከበረደ ልቡን ዘግቷል፤ ብትለምኚውም አይቀበልሽም» ይሉ ነበር።

ሼፉ ከባሕር ጠረፍ አገር ከፍታ ላይ ወዳለችው ዴንቨር የመጣ ሰው ስለነበር መጀመሪያ ላይ እንቁላሉ ሳይበስል እየወጣ ያስቸግረው ነበር አሉ። እትዬ የሺ ሁለት ደቂቃ ጨመሩለት። «ከፍታ ላይ ውኃ ቶሎ ይፈላል እንጂ ቶሎ አያበስልም። ይህን ለአዲስ አበባ ልጅ ማን ይነግራታል?» ከዚያ ወዲህ ሼፉ የእንቁላሉን ሰዓት የሚጠይቀው እሳቸውን ሆነ። ሙቀት ሲበረታ ይህንኑ ሰላጣ በገዛ ቤታቸው እየሠሩ፣ በአየር ማረፊያው ቀኑን ሙሉ መንገደኛ በዊልቸር ሲገፉ ለሚውሉ ልጆች በየምሳ ዕቃው ይዘው ይመጡ ነበር። ማን እንቁላል እንደማይበላ፣ ማን እንደሚጾም ያውቁ ስለነበር ማንም የሌላውን ዕቃ አያነሣም።

አሁን ወደ ጋሽ ታደሰ ልምጣ። የእትዬ የሺ ታናሽ ወንድም ናቸው፤ ኦሮራ ውስጥ ፒዮሪያ ስትሪት ላይ ባለ አፓርትመንት ይኖራሉ፤ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን አማኝም ናቸው። ከብዙ ዓመት በፊት እህታቸው ቤት ዳቦ በሉ። ከጨረሱ በኋላ የሚካኤል ዝክር ዳቦ መሆኑን ሰሙ። ለመልአክ የተዘከረ ነገር በእምነታቸው አይቀመስም። እትዬ የሺ «ረስቼ ነው» አሉ። ጋሽ ታደሰ አልተቆጡም። ወደ ሐኪም ያመላልሷቸዋል፣ በክረምት በረዶውን ከደጃቸው ይጠርጉላቸዋል፤ በእህታቸው ቤት ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ከውኃ በቀር አፋቸው ያስገቡት ነገር የለም።

ባለፈው ዓመት እትዬ የሺ ልባቸው ታሞ ከሆስፒታል ሲወጡ ወንድማቸውን አንድ ነገር ብቻ ለመኗቸው፤ አንድ ጊዜ ከማዕዳቸው እንዲበሉ። ጋሽ ታደሰ እሺ አሉ። ሆኖም ከሥራ ነፃ የሚሆኑበት እሑድ በፍልሰታ ጾም ውስጥ ዋለ። እትዬ የሺ ቀን መቁጠሪያውን አይተው ዝክር የማያወጡበት ቀን መሆኑን አረጋገጡና ሰላጣው ይሠራ አሉ። በአንድ ወገን ቱናውና እንቁላሉ ለወንድማቸው፣ በሌላው ወገን ድንቹ፣ ፎሶሊያውና ቲማቲሙ ለሁለቱም። «ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚሉ ይከራከሩ፤ እኔ አልበላም» አሉኝ። እጃቸው ይዝል ስለነበር ሥራውን ለእኔ ሰጥተው፣ ቁልፋቸውን ትተውልኝ ወደ ቅዳሴ ሄዱ።

ሁሉንም እንዳስተማሩኝ አደረግኩ። እዚህ ላይ ነው ጥፋቴ። በምግብ ቤቱ ማጣፈጫ ውስጥ አንቾቪ የምትባል ጨው የጠጣች ትንሽ ዓሣ ተጨፍልቃ ትገባለች፤ ሟሙታ ስለምትጠፋ አትታይም። ቀኑን ላሳምር ብዬ አንድ ጣሳ ገዝቼ ነበር። እጄ እንደለመደው ሦስቱን ጨፍልቄ ቀላቀልኩና ማጣፈጫውን በትኩሱ ድንች ሁሉ ላይ፣ የተረፈውንም በፎሶሊያውና በቲማቲሙ ላይ አፈሰስኩት።

ሁለቱም ከየቤተ ክርስቲያናቸው መጡ። ጋሽ ታደሰ ሳሕኑን አዩና «እትዬ፣ ይሄ ሰላጣ ተጣልቷል እንዴ? ሁሉም ለየብቻው ነው የተቀመጠው» አሉ።

«አልተጣላም፤ ተከባብሮ ነው» አሏቸው።

ሁለቱም በየራሳቸው ጸለዩ። እኔ ዳቦ ላመጣ ስዞር የተከፈተውን የአንቾቪ ጣሳ አየሁት። ብናገር እትዬ የሺ ለዓመታት የጠበቁት ማዕድ ይፈርሳል፤ ጋሽ ታደሰም «ድሮም ይህ ቤት» ብለው ሊነሡ ይችላሉ። ዝም ብል ማንም አያውቅም፤ እትዬ የሺ ግን ሳያውቁ ጾማቸውን ይገድፋሉ። ሹካቸው ላይ ድንች ነበር። አንድ ነገር አልኩ፤ ለራሴም አልተሰማኝም።

«አልሰማሁም» አሉ እትዬ የሺ፣ ልክ እንደዚያ እንደ ፍሪጁ በር።

«ድንቹ ውስጥ ዓሣ አለ» አልኩ። ቤቱን የሞላ ድምፅ ነበር። እንዴት እንደሆነም ነገርኳቸው።

እትዬ የሺ ሹካቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡት። ጋሽ ታደሰ አንዴ እኔን፣ አንዴ እህታቸውን ያያሉ። ከዚያ እትዬ የሺ የውኃ ብርጭቆአቸውን አነሡና «ታዴ፣ አንተ ብላ። ዛሬ ውኃ የምጠጣው እኔ ነኝ» አሉ። ጋሽ ታደሰ ሳቅ አፈናቸው። ሲያበቁ ግን ዓይናቸውን ሳሕኑ ላይ ተክለው «ያን ጊዜም ያስከፋኝ እንዲህ የሚነግረኝ ሰው ማጣቴ እንጂ ዳቦው አልነበረም» አሉና መብላት ጀመሩ። ሁለት ጊዜ ጨምረው በሉ። እትዬ የሺ ዳቦ በውኃ እየበሉ ሲያዩአቸው ዋሉ። እኔን አልተቆጡኝም፤ አላመሰገኑኝምም። ያን ዕለት ከወትሮው ይልቅ ዝም ማለታቸውን አስተውዬ፣ ቅር ብሏቸው ነው ብዬ ነበር።

እትዬ የሺ፣ ቅር ያለዎት በእኔ እንዳልነበረ ያወቅኩት አፈር ከለበሱ በኋላ ነው። የጋሽ ታደሰ ባለቤት ከመቃብሩ ስንመለስ መኪና ውስጥ ነገሩኝ። ሥራ ላይ ያዩትን ሁሉ አስተምረውኛል፤ ይህን ግን ሳይነግሩኝ ሄዱ። መምህሬ፣ በሰላም ይረፉ። ክንድዎ ላይ የቀረው ጠባሳ የእኔ ነው፤ ድምፄ ደግሞ የእርስዎ ነው። ከዚህ በላይ የምሰናበትበት ቃል የለኝም።

በዚያ እሑድ ማግስት ጠዋት ለማንም ሳይናገሩ ወደ ፒዮሪያ ስትሪት ሄዱ። ሊፍት የሌለውን ሦስት ፎቅ በዚያ በደከመ ልብ፣ በየደረጃው እያረፉ ወጡ። ወንድምዎ በሩን ከፍተው «ምን ሆንሽ? ግቢ እንጂ» ሲሉዎት አልገቡም። ደጃፉ ላይ እንደቆሙ፣ ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ፣ «ታዴ፣ ያንን ዳቦ ረስቼ አልነበረም። በረከቱ ወደ ቤተ ክርስቲያናችን ይመልስሃል ብዬ፣ አውቄ ነው ያበላሁህ። ትናንት ከዚያች ልጅ አነስኩ» አሉ። ከዚያ በኋላ፣ ዳግመኛ ግቢ እስኪሉዎት ድረስ ጠብቀው፣ ገቡ።