ያላለቀውን ማሳየት

ኑሰይባ ሥራዋን ሳትጨርስ ለሰው አታሳይም ነበር። ዲላ መናኸሪያ አጠገብ፣ ፎቅ ላይ ባለች አነስተኛ የሶፍትዌር ቢሮ፣ በሚኒባስ የተላከ ዕቃ የት እንደደረሰ የሚያሳይ ፕሮግራም መሥራት ከጀመረች ወራት አልፈዋል። መስኮቱ ላይ ዝናብ ሲወርድ፣ ጣቶቿ የኮምፒውተሩ ቁልፎች ላይ እንዳሉ ሐሳብ ይዟት ይሄዳል፤ ፕሮግራሙ አልቆ፣ አምሮ ይታያታል።

አንድ ሰኞ የቢሮው ኃላፊ ተናኘወርቅ ከሥልጠና ተመልሳ ሦስቱንም ሠራተኞች ሰበሰበች።

«ከእንግዲህ ሥራውን ከፋፍለን ነው የምንሠራው» አለች። «በየሁለት ሳምንቱ የደረስንበትን ለተጠቃሚው እናሳያለን። አንዱ የጻፈውን ኮድ ሌላው ሳያነበው አይወጣም። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ሥራ የያዘብን ነገር ካለ እንነጋገራለን።»

«ግማሽ ቤት ለእንግዳ ይታያል?» አለች ኑሰይባ ቀስ ብላ።

«እንግዳ አይደለም እኮ፣ የሚኖርበት ሰው ነው።»

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ተራዋ ሲደርስ «ምንም የያዘብኝ ነገር የለም» ትላለች። ውሸቷን ነበር። አጠገቧ የሚቀመጠው ዘከርያ ኮዷን ሲያነብ ቆይቶ ወደ እሷ ዞረ።

«እዚህ ጋ ያንኑ መረጃ ደጋግሞ እንዲያስቀምጥ አድርገሽ ጽፈሻል። ምን አስፈርቶሽ ነው?»

«ኔትወርክ ሲቋረጥ የዕቃው መረጃ አብሮ ይጠፋብኛል» አለች። ስትናገረው ትከሻዋ ቀለል አላት።

ሁለት ሳምንቱ ሲሞላ ኑሰይባና ዘከርያ ፕሮግራሙን እንዳለ ይዘው ደጋ ላይ ወዳለችው ቡሌ ከተማ ወጡ። ከዲላ የሚላክላትን ሸቀጥ የምትቸረችረው ሀዲጃ ፕሮግራሙ የተጫነበትን ስልክ ተቀብላ ብትጠብቅ፣ ስክሪኑ ነጭ እንደሆነ ቀረ። ኑሰይባ ፊቷ ጋለ።

«ጉሙ ሲወርድ እዚህ ኔትወርክ የለም፣ ልጆቼ» አለች ሀዲጃ ሳትደነቅ። «ቁጭ በሉ።»

ሱቁ ደጃፍ ተቀመጡ። ከመንገዱ ማዶ ያለው እንሰት በጉሙ ውስጥ ይጠፋል፣ ተመልሶ ብቅ ይላል። ቅጠሎቹ ሲጠፉም እዚያው እንዳሉ ኑሰይባ ታውቃለች። ዓይኗን ሳትነቅል ብዙ ቆየች።

«ስልኩ መረጃውን ይዞ ይቆይ» አለች በመጨረሻ፣ ለራሷ የምታወራ ይመስል። «ኔትወርኩ ሲመለስ ይልከዋል።»

«ነገ ጠዋት ለሁላችንም ንገሪን» አላት ዘከርያ።

ነገረቻቸው። ሦስቱም ወንበራቸውን ስበው ሥራውን ተካፈሉት። ዛሬ ሰው የሚጠቀምበት ፕሮግራም ያኔ ይታያት ከነበረው ጋር እምብዛም አይመሳሰልም፤ አንዳንዴ ያኛው ይናፍቃታል። ሀዲጃ ግን ዕቃዋ በየትኛው ሚኒባስ እንደሚመጣ ቡሌ ሆና ታያለች። ሰሞኑን ደውላ ፊደሉ እንዲተልቅላት ጠይቃለች፤ በዚህ ሳምንት የያዙት እሱን ነው።