የጆንያ መርፌ

ወፍራም የጆንያ መርፌ ባየሁ ቁጥር አፍንጫዬን የሚሞላው የጀንፈል ሽታ ነው፤ ፀሐይ ላይ የሰነበተ፣ ጣፈጥ ኮምጠጥ የሚል፣ ልብስ ላይ የሚቀር የቡና ሽታ። ልጅ እያለሁ ሰፈራችን ጊንጆ ጉዱሩ ጥቅምት ሲገባ ደጁ ሁሉ እንደዚያ ይሸት ነበር።

ያን ዓመት አሥራ አንድ ሞልቶኛል፤ ትምህርት ቤት ግን አልገባሁም። ፊደል የለየሁት አባቴ ግድግዳችን ላይ ከለጠፋቸው አሮጌ ጋዜጦች ነው። ግማሾቹ ተዘቅዝቀው ስለተለጠፉ አንገቴን አጣምሜ ማንበብ ለምጄ ነበር። ነገሬ ብላ ያየችኝ ጎረቤታችን አዴ ዘይነባ ብቻ ናት። "ጋሽ ታደሰ፣ ይቺ ልጅ አንገቷ ጠሞ ሳይቀር ትምህርት ቤት ይላኳት" እያለች አባቴን ስትነዘንዘው ከርማ፣ ለመጪው መስከረም ቃል አስገብታዋለች።

አዴ ዘይነባ ባሏ የሞተባት፣ ወደ ደዶ በሚወስደው መንገድ ዳር ጥቂት የቡና እግር ያላት ሴት ነበረች። አንድ ልጇ ጀማል ሰሜን ዘምቷል። ጦርነቱ ቆሞ ሬዲዮው ስለ ድርድር የሚያወራበት ጊዜ ነው። እሷ ቤት ሬዲዮ የለም፤ የሬዲዮው አማርኛም እንደ ገበያው አማርኛ አይገባትም። የምሳ ሰዓቱን ዜና እኛ ቤት እሰማና፣ ቡናዋን አብሬያት እያገላበጥኩ በኦሮምኛ እነግራታለሁ። ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ። ለዚህ ደሞዜ ከጓሮዋ የምትለቅምልኝ ዘይቱን ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ የእድራችን ጸሐፊ የነበረው አባቴ አራት ሽማግሌዎች አስከትሎ ከቀበሌ መጣ። ከመጋረጃው ጀርባ ታናሽ ወንድሜን እያስተኛሁ ሰማሁ። ከላይ በመጣው የሟቾች ዝርዝር ላይ የጀማል ስም አለ።

"ነገ በጠዋት እንንገራት" አሉ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሐጂ ከድር።

"ቡናው እኮ ደጅ ላይ ነው" አለ አባቴ። "ለቅሶ የመጣው ሁሉ ይረግጠዋል። ዝናብ ቢመጣስ ማን ያነሳላታል? ልጁ እንደሆነ አይመለስ። እሷ ግን ዓመቱን በምን ትኖራለች?"

ሐጂ ከድርም ተስማሙ። "እንግዲያው የመጨረሻው ጆንያ በተሰፋ ማግስት" አሉ።

ሲወጡ አባቴ መጋረጃውን ገለጠና አየኝ። "ከአንቺ አፍ አንድ ቃል ከወጣ፣ የመስከረሙን ነገር እርሺው።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰፈሩ ደግ ሆነ። ያልተጠራ ሰው እየመጣ ቡናዋን ያገላብጣል፤ ደመና ያየ ሸራ ይዞ ይሮጣል። በአጥር የተነሳ ሁለት ዓመት ያኮረፈቻት እናቴ ሳትቀር ሄዳ ግርዱን ለቀመችላት፤ ገለባውን አበጠረችላት። አዴ ዘይነባ ትስቃለች። "ዘንድሮ ምን ነካችሁ? ጀማልን ለልጆቻችሁ አስባችሁት ነው? አልሰጥም፤ የምመርጥለት እኔ ነኝ።" ሴቶቹም አብረው ይስቃሉ። ያስፈራኝ ሳቃቸው የእውነት መምሰሉ ነበር።

እኔን በየቀኑ ትጠይቀኛለች። "ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ዛሬስ ስለ ወታደሮቹ ምን አሉ?"

"ድርድሩ ቀጥሏል" እላለሁ። ውሸት አልነበረም። አንድ ቀን ግን ሬዲዮው ከግንባር ስለሚመለሱ ወታደሮች አወራ፤ እንዳለ ነገርኳት።

"የእኔም ይመጣላ?" አለች።

ጀንፈሉን በእግሬ እየገፋሁ "ይመጣል" አልኩ። ዜና ላይ የጨመርኩት ያን አንድ ቃል ነው።

ያ ቃል እጇን አፈጠነው። ልጇ ሲመጣ ደጇ ጸድቶ እንዲያገኘው ብላ ቡናውን ስስ አድርጋ አሰጣችው፤ ፀሐይ በዞረች ቁጥር አብራ እየዞረች ታገላብጠው ጀመር። የሌሎቹ ገና እርጥብ ሳለ የእሷ ፍሬ እፍኝ ውስጥ ይንኮሻኮሽ ነበር። ሽማግሌዎቹ የቆረጡትን ቀን እየጎተተች ያመጣችው ራሷ ናት።

ዓይኗ ስለደከመ መርፌው ላይ ሲባጎ የማስገባላት እኔ ነኝ። የመጨረሻው ጆንያ ላይ ስንደርስ ሆን ብዬ ሳትኩት። አንዴ፣ ሁለቴ፣ አምስቴ። የጆንያ መርፌ ቀዳዳ ደግሞ የሚሳት አይደለም። "ጋዜጣ ዘቅዝቃ የምታነብ ልጅ ይኼ አቃታት?" ብላ ሳቀችብኝ። አስገባሁት። ሰፋችው።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ ደጇን አንኳኩ። ጩኸቷን ሰምቼ ሮጥኩ። ቤቱ በሰው ከሞላ፣ ድምጿም ከደከመ በኋላ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው። "መቼ ሰማችሁ?" ሐጂ ከድር ቀኑን ነገሯት። ግድግዳ ተደግፈው የተደረደሩትን ጆንያዎች አየች። ከዚያ እኔን አየች።

"አንቺም?" አለች።

አባቴ ቃሉን አከበረ። መስከረም ላይ፣ ትከሻዬ ከማይደርሱ ሕፃናት ጋር አንደኛ ክፍል ገባሁ። አዴ ዘይነባ ዘይቱኑን አላቋረጠችብኝም፤ በወንድሜ እጅ ትልክልኝ ነበር። ዜና ግን ዳግመኛ አልጠየቀችኝም።

ዛሬ መርዶ በስልክ ይመጣል። ባለፈው ዓመት አንዲት የሥራ ባልደረባዬ የወንድሟን ሞት ስልኳ ላይ፣ ከፎቶው ጋር፣ ጠረጴዛዋ ላይ እንደተቀመጠች አየችው። ቢሮው ሁሉ "ምን ዓይነት ጭካኔ ነው፤ ድሮ ቢሆን" አለ። ድሮ እኔንም ይናፍቀኛል፤ ደመና አይቶ ለሰው ቡና የሚሮጠው ያ ሰፈር። ግን የባልደረባዬን እጅ ይዤ እንደቆምኩ፣ ካለነው አንዳችን እንኳ ከእሷ ቀድሞ የሰማ እንዳልነበረ አሰብኩ። ቀና ብላ ሁላችንንም በየተራ አየችን፤ "አንቺም?" የምትለው ሰው አላገኘችም።