የማይሞቀው ጋቢና

ሩፊኖ ኦያርሱን ግትር ሰው ነበር ብል፣ ሰደብከው ብሎ የሚቆጣኝ ሰው በመላው ሳንታ ክሩስ ክፍለ ሀገር አይገኝም። በጉርምስናው ከበግ ሸላቾች ጋር መጥቶ እዚሁ ቀረ። የሸላቾቹን ወጥ ሠሪ ልጅ ዴልሚራን አገባ። ልጅ አልወለዱም። ከከተማችን ርቆ ባለ ጠፍ ሜዳ ላይ፣ እሱ በግ እያረባ፣ እሷ እሱን እየተቆጣች፣ አብረው አረጁ።

የሚበላሽበትን ሁሉ የሚጠግነው ራሱ ነው። እኔ መካኒክ ነኝ፤ ከተማ በመጣ ቁጥር ጋራዤ በር ላይ ቆሞ ማቴ የምንለውን ሻዬን ይጠጣል እንጂ ፒክአፑን አያስነካኝም። «ቀዩ፣ አንተ ጋ የገባ መኪና ተገፍቶ ነው የሚወጣው» ይለኛል ደንበኞቼ ፊት። ፊቴ ስለሚቀላ ቀዩ ያለኝም እሱ ነው፤ አሁን እናቴ ያወጣችልኝን ስም የሚያስታውስ የለም።

ከዚያ የዴልሚራ ኩላሊት ደከመ። በሳምንት ሦስት ጊዜ ለኩላሊት እጥበት ከተማ መምጣት ነበረባት። እኔ ቤት ሁኑ ብዬ ለምኛለሁ። እሷ ግን ማታ በጎቿ ሲገቡ ካላየች እንቅልፍ አይወስዳትም። ስለዚህ ያንን ረጅም የጠጠር መንገድ ይመላለሱ ጀመር። ክረምቱ ሲገባ የፒክአፑ ማሞቂያ ቀዝቃዛ አየር ይነፋ ያዘ።

ሩፊኖ ያላደረገው የለም። አየር ይዞት ይሆናል ብሎ አስተነፈሰው። ከዳሽቦርዱ ሥር ያለችውን ትንሿን ራዲያተር በውሃ አጠባት። ቱቦዎቹን ቀየረ። እዚህ በክረምት ሁላችንም እንደምናደርገው ትልቁ ራዲያተር ፊት ካርቶን አሰረ። ማራገቢያው እንደ ጉድ ይጮኻል፤ የሚወጣው ግን ያው የውጪው ነፋስ ነው። ዴልሚራን በበግ ቆዳ ጠቅልሎ፣ ፍል ውሃ የሞላ ጠርሙስ አስታቅፎ ያመጣታል። ከእጥበት ለወጣ ሰው ብርድ ሌላ ነው፤ አጥንት ውስጥ ነው የሚገባው። ስትመለስ ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኖ አይቼ ያውቃል።

ሐምሌ ላይ አንድ ቀን አልነሳም አለች። «ሞት ካልቀረ አልጋዬ ላይ ይሁን፤ መንገድ ላይ ደርቄ አልቀርም።» ለመናት፣ ተቆጣት፣ አለቀሰ፤ ወይ ፍንክች። ሁለት ቀጠሮ አለፋት። ሰውነቷ አብጦ ትንፋሽ ሲያጥራት አምቡላንስ መጥቶ ወሰዳት፤ እሱም ተከትሎ መጣ። ሆስፒታል መግባቷን አይቶ በቀጥታ ወደ እኔ ነዳ።

«ኮፈኑን ክፈተው» አለኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ ዛሬ ፀሐይ በየት ወጣች?»

«አትቀልድ ቀዩ። ስትወጣ ጋቢናው መሞቅ አለበት። ካልሞቀ ተመልሳ አትመጣም። ካልመጣች ደግሞ...»

ያን ሁሉ መንገድ የመጣ ሞተር ላይ እጄን አሳረፍኩ። ሊፈጀኝ ሲገባው ለብ ብሎ ቀረ። ወደ ጋቢናው የሚገቡትን ሁለት ቱቦዎች ጨበጥኩ። አንዱ ግሎ ሌላው ቢቀዘቅዝ ትንሿ ራዲያተር ተደፍናለች እል ነበር፤ ሁለቱም እኩል ለብ ብለዋል።

«ማሞቂያህ ጤነኛ ነው። የበረደው ሞተሩ ራሱ ነው። ቴርሞስታቱን አውጥተኸዋል እንዴ?»

«ጥር ላይ፣ ሱፍ ጭኜ ዳገቱ ላይ ሲፈላብኝ ጊዜ። የማያወጣ ማን አለ?»

እውነቱን ነው። በእኛ አገር በጋ ላይ መኪና ከፈላ ቴርሞስታት ተነቅሎ ይጣላል፤ አባቶቻችንም እንዲሁ ያደርጉ ነበር። ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን ይዞ የሚያቆየው ግን እሱ ነው። እሱ ከሌለ ውሃው ዝም ብሎ ወደ ራዲያተሩ ይሮጣል፤ በዚህ ነፋስ ሞተር መቼም አይሞቅም። የቴርሞስታቱን ቤት ፈትቼ አሳየሁት። ባዶ ነው።

ሩፊኖ ባዶውን ቀዳዳ ትክ ብሎ አየው። «እንግዲያ ያንቀጠቀጥኳት እኔ ነኝ በለኛ» አለ።

እንዲህ ላለ ቀን ለዓመታት ያጠራቀምኩት ፌዝ ነበረኝ። አንዱም ከአፌ አልወጣም።

አዲስ ገጠምኩለት፣ ውሃውን ሞላሁ፣ ከተማውን ዞርን። የሙቀት መርፌው ቀስ እያለ እስከ መሃል ወጣ፤ ጋቢናው ሞቀ። ሩፊኖ መሪውን በአንድ እጁ ይዞ ሌላኛውን አየሩ በሚወጣበት ላይ ዘረጋ። እንባው ወረደ። በዚያው ወደ ሆስፒታል ሄድን።

«ዴልሚሪታ፣ አሁን ይሞቃል። ቀዩ ሠራው።»

«ቀዩ?» አለች በደከመ ድምፅ። «እንግዲያው ጎማው መንገድ ላይ ይወልቃል።» ሦስታችንም ሳቅን። «አንተ ውሸታም፣» አለችው ደግሞ፣ «ስሞቅ አምንሃለሁ።»

ሌሊት ልቧ ቆመ። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ «ያመለጧቸው ሁለት ቀጠሮዎች ናቸው የጎዷቸው፣ ዶን ሩፊኖ» አለችው። ክፋት አልነበረባትም፤ ለምን እንደቀረች አታውቅማ። እሱ ራሱን ነቀነቀ።

በሜዳው ላይ፣ ከወላጆቿ ጎን ልንቀብራት ሬሳ ሣጥኑን ፒክአፑ ላይ፣ ከጋቢናው አስጠግተን በገመድ አሰርነው። እኔ ጋቢና ውስጥ ከሩፊኖ አጠገብ ተቀመጥኩ። ከተማውን ሳንለቅ ጋቢናው እንደ ዳቦ ቤት ሞቀ። አስፋልቱ ሲያልቅ ሩፊኖ ክንዱን ወደ ኋላ ሰድዶ በጋቢናውና በጭነቱ መካከል ያለችውን ትንሽ መስኮት ከፈታት። የበረዶው ነፋስ ማጅራታችንን መታን።

«ሩፊኖ፣ ብርዱ እኮ ገባ» አልኩት።

«ይግባ። ሙቀቱ ይድረሳት።»

ማራገቢያውን እስከ መጨረሻው አዞርኩለት።