አሳማዎቹ ያመጡት ወፍጮ

የበደለችኝ አበልጄ ናት። የሴት ልጄ የክርስትና እናት፣ የመንደራችን የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር የነበረችው። ጊዜው ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ዓመት ሲቀረው፣ የሰሊጡ አጨዳ አልቆ ማሽላ በሚቆረጥበት ሰሞን ነበር። ስሟን አልጽፍም። ልጆቿ በሕይወት አሉ፤ እነሱ ምንም አላደረጉኝም። እሷ ግን እስክትሞት ድረስ "እኔ ምን አደረግኳት?" ትል ነበር አሉ። ያደረገችኝን እነሆ እጽፈዋለሁ።

መንደራችን ከሸሕዲ ወደ መተማ ከሚወስደው መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ያለ ነበር። ቤቱ ሁሉ ሽመልና ሣር ነው። ባሌን ወባ ወስዶት ከልጄ ጋር ብቻዬን ቀርቻለሁ። እንጨት ተሸክሜ ስወጣ ወድቄ ቀኝ ትከሻዬ ወልቆ ነበር። ወጌሻ መለሰው፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ መጅ መግፋት አልቻልኩም። ስለዚህ ማሽላውን የምትፈጨው ልጄ ሆነች። ዐሥር ዓመቷ ነበር። ገና ሳይነጋ ተነሥታ ድንጋዩ ላይ ትጎነበሳለች፣ ስትጨርስ ሮጣ በቀበሌው ዳስ ውስጥ ወደተከፈተው ትምህርት ቤት ትሄዳለች። መምህሩ አርፍዳ የምትመጣዋን ልጅ ታግሦ ታግሦ በመጨረሻ ጠራኝ። "እናቴ፣" አለኝ፣ "ይቺ ልጅ ጭንቅላት አላት። ግን ደብተሯ ላይ ትተኛለች። ወይ ታስተምሪያታለሽ፣ ወይ ታስፈጪያታለሽ።"

የሞተር ወፍጮ ያለው ሸሕዲ ብቻ ነው። ደርሶ መመለስ አንድ ሙሉ ቀን ይፈጃል።

አበልጄ ጎንደር ስብሰባ ውላ መጥታ ሴቶችን ሁሉ የሰበሰበችን ይህ በሆነ ሳምንት ነው። ከእኛ ግማሽ ቀን የሚያስኬድ የመንግሥት እርሻ አለ። መጋዘኑ ውስጥ ሥራ ያልጀመረ የወፍጮ ሞተር ተቀምጧል አለችን። እኛ እርሻው የሚልክልንን እንስሳ አርብተን ለሠራተኞቹ ካምፕ ቀለብ ከሰጠን፣ እርሻው ሞተሩን ይሰጠናል። ከዚያ በኋላም እንስሳ በሰጠነው ቁጥር ለወፍጮው ናፍጣ ይሞላልናል።

"ምን ዓይነት እንስሳ?" አለች አንዷ።

"የሚራባ ነዋ" አለች አበልጄ።

ሳቅን። የማይራባ ማን ይሰጠናል ብለን ሳቅን። በልባችን የነበረው ፍየል ነው። እጅ አውጡ ስንባል ከሁሉ በፊት ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ በግራ እጄ።

በሚያዝያ፣ ምድሩ እንደ ምድጃ በሚፋጅበት ወር፣ ትራክተር ሸራ የለበሰ ተሳቢ እየጎተተ መጣ። እያንዳንዳችን ገመድ ይዘን ወጣን። አንዲት አዲስ ሙሽራ ለፍየሏ አንገት ብላ ቃጭል ይዛ መጥታለች። እልል አልን። ሾፌሩ ወርዶ ሸራውን ገፈፈው።

እልልታው ቀጥ አለ። ተሳቢው ውስጥ ፀጉር የሌላቸው፣ ቆዳቸው እንደ ሰው ገላ የቀላ ግልገሎች እርስ በርስ ተደራርበው ይጮኻሉ። አሳማ መሆናቸውን ያወቅነው ከአፍንጫቸው ነው። እጄ ላይ የነበረው ገመድ መቼ እንደወደቀ አላውቅም።

"በስመ አብ!" አሉ አንዲት አሮጊት። "ምን ላጭታችሁ አመጣችሁብን?"

አንዷ እስላም ጎረቤታችን በሻሿ አፍንጫዋን ይዛ "አዑዙ ቢላህ" እያለች ወደኋላ ሸሸች። ሙሽራዋ ቃጭሉን መሬት ላይ ወረወረችው። በመንደራችን ክርስቲያኑና እስላሙ አብሮ የተጸየፈውን ነገር ያየሁት ያን ቀን ነው።

ከትራክተሩ ጋር የመጣው ካድሬ ገና ወጣት ነበር። ፊታችንን አይቶ ደነገጠ። "እናቶች፣ ተረጋጉ" አለ።

"ልጄ፣" አሉት አሮጊቷ፣ "ከርከሮ ማሽላዬን መጨረሱ አንሶ መንግሥት በትራክተር ይጨምርልኝ?"

"ይሄ ከርከሮ አይደለም፣ እማማ። የተሻሻለ ዝርያ ነው።"

"የተሻሻለ ከርከሮ በለኛ!"

ጥቂት ሰው ሳቀ። ካድሬው ቶሎ ቶሎ እየተናገረ እኛ እንድንበላ እንዳልመጣ፣ የሚበሉት በእርሻው ያሉ ፈረንጅ መካኒኮች እንደሆኑ፣ የእኛ ሥራ ማሳደግ ብቻ መሆኑን ነገረን። "ማን ይረከባል?" ሲል ግን ሁላችንም ወደኋላ ሸሸን።

ያን ጊዜ አበልጄን አየኋት። የሁላችንም እጅ አፋችን ላይ ነው። የእሷ እጅ ላይ ያለው ደብተር ነው። ፊቷ ላይ አንዳች መደንገጥ የለም። ጎንደር እያለች ነው ያወቀችው፤ አውቃ ነው ሳትነግረን እጃችንን ያስወጣችን።

"አበልጄ ትረከባለች" አለች፣ ወደ እኔ እያመለከተች። "ባል የላትም። ከማዕድ የሚነሣባት ሰው የለም።"

አንዲትም ሴት "ተይ" አላለችም። ወደ ቤቴ ስመለስ ግን አበልጄ ተከትላኝ መጣች፤ ክንዴን ይዛ በጆሮዬ እንዲህ አለችኝ፦ "ወፍጮው ሲመጣ የመጀመሪያው ቁና ያንቺ ነው። በክርስትና ልጄ እምልልሻለሁ።"

ስለ ልጄ ብዬ ተረከብኩ።

ከወረዳው የመጣ የግብርና ሰው አንድ ሰዓት ያህል አስረድቶኝ ሄደ። ስለ ፀሐይ ምንም አላለም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ወደ በረቱ ስሄድ ጀርባቸው እንደ ተቃጠለ ገላ ተልጦ አገኘሁት። ሁለቱ ሞተዋል። ፀሐይ የሚያቃጥለው እንስሳ አለ ብሎ ማን ነግሮኝ ያውቃል? ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ለእነሱ አይደለም፣ ለወፍጮው። ከዚያ ተነሥቼ በአገዳ ጥላ ሠራሁላቸው። ጉድጓድ ቆፍሬ ከመጠጥ ውኃችን የተረፈውን ሞላሁበትና ጭቃ አደረግኩት። ጭቃውን ለብሰው ቆዳቸው ዳነ። በጭቃ የሚጨማለቁት ለርኩሰት ሳይሆን ለመድኃኒት መሆኑ የገባኝ ያኔ ነው። በሚተኙበት ቦታ ደግሞ አይጸዳዱም። ይህን ለጎረቤቶቼ ብነግር የሚሰማኝ አልነበረም። ወደድኳቸው አልልም። ግን ሥራዬን አወቅሁ።

ቀለባቸው አተላ ነበር። ለአጨዳ ከደጋ የሚወርዱት ሰዎች፣ እኛ ሳሉግ የምንላቸው፣ በመጡ ጊዜ ጠላ ቤቱ ሁሉ ይሞላል። አተላው በየደጁ ይደፋ ነበር። ጠላ ሻጮቹ ለእኔ ያስቀምጡልኝ ጀመር፤ ነገር ግን እንስራውን ከአጥር ውጪ ትተውት ይገባሉ። ፋጉሎውን፣ ዘይቱ ተጨምቆ የሚቀረውን፣ የምወስደው ደግሞ በግመል ሰሊጥ ከሚያስጨምቅ አንድ እስላም ነጋዴ ነው። መጀመሪያ ስሄድ ነጭ ጀላቢያውን ሰብሰብ አድርጎ፣ "እኅቴ፣ አትቀየሚኝ" አለኝ። "ለሶላት የማነሣው እጅ ነው። ጆንያሽን መሬት አድርጊው፣ ከላይ አፈስስልሻለሁ።" አፈሰሰልኝ። ከዚያ ሱቁ ገብቶ በወረቀት የጠቀለለው ተምር አመጣና "ይሄ ለልጅሽ" አለኝ። ፊት ለፊት የጸየፈኝ እሱ ብቻ ነው፤ ስለዚህ በእሱ ቂም የለኝም።

አበልጄ ግን ፊት ለፊት ትስቅልኝ ነበር። አንድ ቀን ቤቷ ደጃፍ ላይ ውኃ ጠየቅኳት። በቅል ሰጠችኝ፤ "ጠጪ፣ አበልጄ፣ ከስተሻል" ብላ። ጠጥቼ ተሰናበትኩ። ነጠላዬን ረስቼ ኖሮ ከመንገድ ተመለስኩ። ቅሉን ድንጋይ ላይ ስትሰብረው አገኘኋት። አየችኝ፤ እጇ ላይ የቀረውን ስባሪ ወደ ኋላዋ ደበቀች። ነጠላዬን ይዤ ወጣሁ።

የነፍስ አባቴ ጋ ሄጄ ነገርኳቸው። "መብላት አይገባም እንጂ ለልጅሽ ብለሽ ብትጠብቂያቸው ከቤተ ክርስቲያን የሚያስወጣ አይደለም" አሉኝ። "ጠበል ተጠመቂና ግቢ።" ተጠመቅሁ። ገባሁ። እሳቸው ያልከለከሉኝን ነው ሌላ ሰው የከለከለኝ።

እንስቶቹ አድገው ወለዱ። ልጆቻቸውን አሳደግኩ። ከሁለተኛው ክረምት በኋላ ትራክተሩ መጥቶ የደረሱትን ጫነ፤ በሳምንቱ ሞተሩን አመጣልን። ናፍጣውም በአንድ በርሜል ሙሉ መጣ። ለዘር የሚሆኑት እናቶችና አውራው እኔ ጋ ቀሩ።

ወፍጮው በተከፈተ ቀን ገና ፀሐይ ሳይወጣ ከልጄ ጋር ደረስኩ። ቁናዋን በራሷ ተሸክማለች። ትስቅ ነበር። ቄሱ ሞተሩን ጠበል ረጩት። ካድሬው ስለ ቆራጥ እናቶች ተናገረ። ሞተሩ ሲነሣ ሴቶቹ እልል አሉ፤ እኔም አልኩ። ከዚያ ቁናችንን ይዤ ወደ ፊት ሄድኩ። አበልጄ እጇን የወፍጮው አፍ ላይ ዘርግታ ቆመች።

"ትንሽ ቆዪ፣ አበልጄ።"

"እስከ መቼ?"

"ሰዉ ይቅለል።"

ከሁሉ በፊት የገባው የራሷ እህል ነው። ጥግ ይዘን ተቀመጥን። ሁሉም አስፈጭቶ እስኪሄድ ጠበቅን። የመጨረሻዋ ሴት ዱቄቷን ተሸክማ ስትወጣ ብድግ አልኩ። አበልጄ አሁንም እጇን አላነሣችም።

"እንዳትቆጪ" አለችኝ። "የሞተር ወፍጮ ታውቂዋለሽ። ያንዱ ዱቄት ድንጋዩ ላይ ይቀርና ከሌላው ይቀላቀላል። ሴቶቹ ፈርተዋል። ያንቺ ከገባ ነገ ማንም አያስፈጭም።"

"ሞተሩ በምን መጣ?"

"ሞተሩማ ጠበል ተረጨ።"

"እኔስ አልተጠመቅሁም?"

"ተጠምቀሻል። ግን ማታ ተመልሰሽ እዚያው ትገቢያለሽ።"

ያለችው እውነት ነው፤ ማታ እዚያው እገባለሁ፣ እዚያው ያስገባችኝም እሷ ናት። ቁናውን መልሼ መሬት ሳስቀምጥ የተስማማሁ መሰላት መሰለኝ፤ ድምፅዋን አለስልሳ ቀጠለች።

"ልጅቷን ስጪኝ። እኔ ቤት ትደር። የእሷ ከእኔ እህል ጋር ይፈጫል። የክርስትና እናቷ አይደለሁም?"

በሕይወቴ ሰው ሲሞት አይቻለሁ፣ ቤት ሲቃጠል አይቻለሁ። እንደዚያ ቀን የደነገጥኩበት የለም። ልጄ ወደ እኔም ወደ እሷም አላየችም። ጎንበስ ብላ ቁናውን አነሣችና ራሷ ላይ አደረገችው።

"እማ፣ እንሂድ" አለች። "እኔ እፈጫለሁ።"

በማግስቱ ትምህርት ቤት ሳትሄድ ቀረች። በሦስተኛውም ቀን ቀረች። መምህሩ መጥራቱን ተወ።

አበልጄ የረሳችው ነገር ነበር። ጠበሉ የተረጨው ሞተሩ ላይ ነው። በርሜሉን የሚሞላው ግን አሁንም የእኔ በረት ነው።

ትራክተሩ በተመለሰ ጊዜ የደረሱ ግልገሎችን ብቻ ሊወስድ ነበር። እኔ ሁሉንም ወደ ተሳቢው ነዳሁ፤ እናቶቹን፣ አውራውን፣ ጡት ያልተዉትን።

ሾፌሩ ግራ ገባው። "እናቶቹንም? የሊቀመንበሯ ፈቃድስ?"

"እሷ አሳማ አትነካም" አልኩት።

ሙሽራዋ ያኔ የጣለችውን ቃጭል አንሥቼ በትልቋ እናት አንገት ላይ አስሬው ነበር። እየጮኸ ወጣ። ልጄንና ሁለት ጆንያ ዕቃዬን ጫንኩ። በእርሻው አሳማ የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ ኃላፊው ቆርቆሮ የለበሰ አንድ ክፍል ሰጠኝ። ካምፑ ውስጥ ትምህርት ቤት ነበር፤ ወፍጮም ነበር። ልጄ በዚያው ሳምንት ገባች።

የመንደሩ በርሜል ዐቢይ ጾም ሳይገባ ደረቀ። የእነዚያ ሴቶች ልጆች ተመልሰው ድንጋይ ላይ ጎነበሱ። ይህን አውቃለሁ። እነሱን ለመጉዳት ብዬ አላደረግኩትም፤ ስላደረግኩት ግን አልጸጸትም።

አበልጄ አንድ ቀን ካምፑ ድረስ በእግሯ መጣች። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። አንዲት እናትና አንድ አውራ እንድመልስላት ለመነችኝ። መጀመሪያ ውኃ ሰጠኋት፣ በራሴ ጣሳ። ጣሳውን አየችው፣ እኔን አየችኝ፤ ጠጣች። ከዚያ አሳማ እንደማልሰጣት ነገርኳት። ሄደች። ጣሳውን ሦስት ጊዜ አጥቤ ሰቀልኩት። አበልጄ በክርስትናዋ ቀን የሰጠቻትን የልጄን ማተብ በጥሼ አዲስ አሰርኩላት።